ሞክሼ ፋይሎች

ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲጠሩ «ሞክሼ» ተባብለው ይሳሳቃሉ። በጋምቤላ ከተማ መምህር የስም መዝገብ ይዞ «ኦጁሉ!» ብሎ ቢጣራ ሦስት እጆች ይነሡ ይሆናል፤ «ጋትሉዋክ!» ቢልም እንዲሁ። መምህሩ ግን አይቸገርም፤ የአባት ስም፣ ካልበቃም የአያት ስም ጨምሮ ይለያቸዋል። በኮምፒዩተር ውስጥ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአንድ ፎልደር ሁለት ሞክሼ ፋይሎች አብረው ሊቀመጡ አይችሉምና፣ ካልተጠነቀቁ ኋለኛው ፊተኛውን አጥፍቶ በቦታው ይቀመጣል።

ለምሳሌ አንድ ጸሓፊ በኢታንግ፣ ሁለተኛው በአቦቦ፣ ሦስተኛው በላሬ ሆነው የደረጃ ዕድገት የሚገባቸውን ሠራተኞች ስም ያዘጋጃሉ እንበል። ሦስቱም ፋይሉን «የጥር ዝርዝር» ይሉታል። በየቢሮአቸው ሳሉ ስሙ ምንም ጉድለት የለበትም። ሦስቱ ፋይሎች በፍላሽ ጋምቤላ ከተማ ደርሰው በአንድ ፎልደር ሲገለበጡ ግን ኮምፒዩተሩ በዚህ ስም ሌላ ፋይል እንዳለ ገልጾ «ልተካው ወይ?» ሲል ይጠይቃል። የቸኮለ ሰው «ተካ» የሚለውን ይጫናል። በመጨረሻም ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይቀራል። ላኪው «ልኬአለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «አላገኘሁም» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። የሚጎዳው ግን ስሙ በጠፋው ዝርዝር ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ነው።

ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም በአገራችን ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባል መረብ ደብዳቤ ይለዋወጥ ነበር። መረቡን በ1976 ዓ.ም የጀመረው ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። የፊዶኔት ኮምፒዩተሮች እንደ ዛሬው ዘወትር የተገናኙ አልነበሩም። ደብዳቤዎቹ ሲጠራቀሙ ይቆዩና በአንድነት ተጠቅልለው በስልክ መስመር ይላካሉ። የቀድሞዋን ጋምቤላ ታሪክ የሰማ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ የባሮ ወንዝ በክረምት ሞልቶ መርከብ ከካርቱም እስኪመጣ ድረስ የሚጫነው ቡና ተከማችቶ ይጠብቅ ነበርና።

እንግዲህ ጥቅሉም ፋይል ስለ ሆነ ስም ያስፈልገዋል። ዶስ የተባለው የዚያን ጊዜው የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚፈቅደው ግን 8 ፊደል፣ ነጥብ፣ ከዚያም 3 ፊደል ብቻ ነበር። በዚህች ጠባብ ቦታ ሞክሼ እንዳይፈጠር ባለሙያዎቹ የሚከተለውን ብልሃት አገኙ። በፊዶኔት እያንዳንዱ ጣቢያ የመረብ ቁጥርና የጣቢያ ቁጥር አለው። የላኪውና የተቀባዩ ቁጥሮች ልዩነት ተሰልቶ ለመረቡ 4፣ ለጣቢያው 4 ቦታ ይሞላል። ተቀባዩ አንድ፣ ላኪዎቹ ግን ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ፣ የሚገኘው ልዩነትም የተለያየ ይሆናል። ከቀሩት 3 ቦታዎች ሁለቱ የሳምንቱን ቀን በእንግሊዝኛ አሕጽሮት፣ አንዱ ደግሞ ከ0 እስከ 9 ያለውን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። የሰኞ የመጀመሪያው ጥቅል በ0፣ ሁለተኛው በ1 ያልቃል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ይህም ፍጹም አልነበረም። ያለፈው ሰኞ ጥቅል ሳይከፈት ከቆየ፣ ሳምንት ዞሮ ሲመጣ ሞክሼው ይደርስበታል። እንዲሁም አህጉሩን የሚያመለክተው የዞን ቁጥር በስሙ ውስጥ ስለማይገባ፣ ከሌላ ዞን የመጣ ጥቅል ተመሳሳይ ስም ይዞ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ የተቀባይ ፕሮግራም አንድ ሕግ ይጠብቃል፤ ይኸውም ሞክሼ ሲመጣበት ለእንግዳው ሌላ ስም ይሰጠዋል እንጂ ነባሩን አያጠፋም። የላኪው አድራሻ በጥቅሉ ውስጥ ስለ ተጻፈም የውጭ ስሙ ቢለወጥ ባለቤቱ አይጠፋም።

ከዚህ የምንማረው፣ የፋይል ስም ሊታሰብ የሚገባው ከሚደርስበት ቢሮ አንጻር መሆኑን ነው። በኢታንግ አንድ ብቻ የሆነው «የጥር ዝርዝር» ጋምቤላ ሲደርስ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ጸሓፊው የወረዳውን ስም፣ ጉዳዩን፣ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ተራ ቁጥሩን አከታትሎ «ኢታንግ-ዕድገት-2018-05-20-1» ብሎ ቢሰይም ምን ይጎዳዋል? ተቀባዩም ለእያንዳንዱ ወረዳ የየራሱን ፎልደር ይክፈት፤ «ልተካው ወይ?» ሲባል ሁለቱንም ሳያይ እሺ አይበል፤ የደረሱትንም ቆጥሮ ለላኪው ያስታውቅ።

አንዳንድ ሰው «የዛሬ ፕሮግራሞች ሞክሼ ሲያገኙ ራሳቸው 1፣ 2 እያሉ ይለዩ የለምን?» ይል ይሆናል። ብዙዎቹ እንዲህ ማድረጋቸው እውነት ነው፤ ፋይሉንም ከመጥፋት ያድናሉ። ነገር ግን «የጥር ዝርዝር 2» የላሬ ይሁን የአቦቦ፣ ካልተከፈተ በቀር ማን ያውቃል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የፋይልን ስም የሚያወጣው ግን ጠረጴዛው ዘንድ የተቀመጠው ጸሓፊ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ የአንድ ሠራተኛ የዓመት ተስፋ ከመጥፋት ይድናል።