ቢራቢሮ ስለሚወዳቸው አትክልቶች

በቤቱ ዙሪያ አትክልት የሚያስተክል ሰው ሁሉ ቢራቢሮ ይመጣለት ዘንድ ይወዳል፤ ነገር ግን የሚመርጠው የአበባውን መልክ ብቻ አይቶ ነው። አበባው እጅግ የተደራረበ ጽጌረዳ ለዓይን ቢያምርም፥ ቢራቢሮ ወለላውን ለመምጠጥ መግቢያ ስለማያገኝበት አልፎት ይሄዳል። ግራዋ በአጥር ሥር ሲያብብ፥ አደይም በመስከረም ሲፈነዳ ግን ማንም ሳይጠራው ይመጣል።

እኛም ይህን አውቀን አበባውን ካስተካከልን በኋላ በሎሚው ዛፍ ላይ ጥፋት ሠራን። በቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስሉ ትናንሽ ትሎች አየን። ኋላም ወፍረው አረንጓዴ ሆኑ፤ ሲነኳቸውም ከራሳቸው ላይ እንደ ቀንድ ያለ ቀላ ያለ ነገር አውጥተው ክፉ ሽታ ስለ ለቀቁብን፥ አትክልተኛውን ጠርተን አስለቀምናቸው። በዚያ ወራት ጥቁርና ቢጫ የሆነው ትልቁ ቢራቢሮ ከግቢያችን ታጣ። ለካስ ያስገደልነው ልጆቹን ኖሯል! ይህ ቢራቢሮ ዕንቁላሉን የሚጥለው በሎሚና በብርቱካን ወገን ቅጠል ላይ ነው፤ ነጩም በጎመን ላይ ይጥላል። ልጆቹ ያገኙትን ቅጠል ሁሉ አይበሉምና፥ ያ ተክል ከሌለ ይሞታሉ።

ስለዚህ አሁን አንዱን ሎሚ ለትሎቹ ትተንላቸዋል። ያደገ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይሞትም፤ ችግኝ ግን ሊጠበቅ ይገባዋል። ስለ ጎመኑ ከእመቤቶች ጋር አንከራከርም።

የወፍ ቆሎን ግን ማንም አያስተክል። ቢራቢሮ እንደሚወደው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከአሜሪካ የመጣ ባዕድ ተክል ሲሆን፥ ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ይበትኑታል፤ በድሬዳዋ አካባቢም የግጦሹን መሬት ወርሮታል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። በአጥርዎ ያለ እንደ ሆነ ከነሥሩ ያስነቅሉት፥ በፈንታውም ግራዋ ያስተክሉበት።