«ኮፒ ነው» ላለው ጓደኛዬ

ይህን ጽሁፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሴሚስተር ክፍላችን ውስጥ የተነሳ ክርክር ነው። የጁሊ ምህረቱን የህትመት ሥራዎች በስላይድ እያየን ሳለ አንድ ጓደኛችን «ይሄማ ኮፒ ነው! አንዱ ሥራ 45 ቦታ ካለ ኦሪጅናሉ የቱ ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሰዓቱም አለቀ፤ ክርክሩ እዚያው ቀረ። እኔ ግን ሳልመልስለት መቅረቴ ሲከነክነኝ ከርሟል።

ጁሊ ምህረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ሠዓሊ ናት። ብዙው ሰው የሚያውቃት ግድግዳ በሚያህሉ ሥዕሎቿ ነው። በ2009 ሚኒያፖሊስ በሚገኘው የሃይፖይንት የህትመት ማዕከል የቀረበው ኤግዚቢሽኗ ግን ህትመቶቿን ብቻ የያዘ ነበር፤ ርዕሱም በእኛ ቋንቋ «ቁፋሮ» እንደማለት ነው። ስሙ ልክ ነው ባይ ነኝ። እዚያው ማዕከል በ2004 የሠራችው «ኢንትሮፒያ» የተባለው ሥራ 32 ቀለማት አሉት፤ በሊቶግራፍና በስክሪን ፕሪንት አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የታተመ ነው። አንዱ ቀለም ትንሽ ቢንሸራተት ወረቀቱ ተበላሸ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወንድሜ፣ ኦሪጅናሉ የቱ ነው ላልከው መልሱ «ሁሉም» ነው። ከጀርባው የተገለበጠ ሌላ ሥዕል የለም። ሥዕሉ የሚወለደው ሰሌዳው ወረቀቱን ሲነካ ነው። ሠዓሊዋ እያንዳንዱን ቅጠል አይታ ስትቀበለው ከሥሩ በእርሳስ ቁጥር ትጽፋለች፤ 12/45 ማለት ከ45ቱ አስራ ሁለተኛው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ ጭረት ይደረግበታል፤ ወይም ይፋቃል፤ ሌላ እንዳይታተም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጁሊ ሥራዎቿን አዲስ አበባ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳይታ ነበር። እኔ ያኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ትልቅ ብሆንስ? ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ ሂሳብ ለተማሪ ኪስ አይሆንም። ያን የሚያህል ሸራ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ የሚልክልን ደግሞ አይኖርም። ህትመት ግን ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይመጣል! «ኮፒ ነው» ብለን የምንንቀው ጥበብ እኮ እኛ ዘንድ ሊደርስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

«መሣሪያ የለንም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሊቶግራፍ ማተሚያ የለንም፤ አሲድም ክፍል ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ነገር ግን ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው የእንጨት ህትመት ነበር። ተማሪው ዘሪሁን የትምጌታ ከእንጨት ህትመት ተነስቶ ነው ኋላ በቀርከሃ ላይ ወደሚሥላቸው የታወቁ ሥራዎቹ የደረሰው። ለእንጨት ህትመት ሳንቃ፣ ስለት፣ ቀለምና ወረቀት ይበቃል፤ ማተሚያ ከሌለ በማንኪያ ጀርባ ይታሻል። ደግሞ በየከተማው ማህተም ቀራጭ አለ አይደል? ፊደል ገልብጦ መቅረጽ ከማንኛችንም በላይ ያውቃል። አንድ ቀን ክፍላችን ቢጋበዝ ምን አለበት?

ጁሊ በ2011 ሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኘው አሪዮን ማተሚያ ቤት ጋር ሆና የጥንቷን ግሪካዊት ገጣሚ የሳፎን ግጥሞች በህትመት ሥዕሎቿ አስጊጣለች። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በጥቂት ቅጂ የሚታተም፣ ራሱ እንደ ሥዕል የሚታይ ነው። እሱን ሳስብ ትዝ ያለኝ የልምምድ ማስተማር የወጣሁበት ትምህርት ቤት ነው። ሀድይኛ የሚማሩት ልጆች አንድ መጽሐፍ ለአራት ሆነው ያነቡ ነበር፤ ከመማሪያው ሌላ በቋንቋቸው የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ተረት አላየሁም። እኛ ደግሞ ነገ እነሱን የምናስተምር ነን። ከአያቶቻችን የሰማነውን አንድ የሀድይኛ፣ አንድ የከምባትኛ ተረት ወስደን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጽ ቀርጸን፣ 30 ቅጂ አትመን በመርፌና በክር ብንሰፋው 30 መጽሐፍ ነው። (ከእንሰት ቃጫ ወረቀት ስለመሥራት ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ሐሳቡ አለኝ።)

የመጀመሪያው ላይሳካ ይችላል። ፊደል ገልብጠን መቅረጽ እንረሳለን፤ ቀለሙ ይፈሳል፤ «ኮፒ ነው» ያለው ጓደኛችንም መሳቁ አይቀርም።

ሦስት ልጆች ሆነን የዋንዛ ሳንቃ አግኝተናል። ማንኪያ ከየቤታችን እናመጣለን። የጎደለን ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈትልን ክፍል ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ያለው ዲፓርትመንቱ ጋ ነው።