መጠጥ ያቆመ ሰው ሲንቀጠቀጥ

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ወይም ቻንጋ ሲጠጣ የኖረ ወገናችን ድንገት «በቃኝ» ሲል ተመስገን እንላለን። ግን የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት ከአጠገቡ አንራቅ። ከመጨረሻው መለኪያ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በ2 ቀን ውስጥ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ያኔ ክብሪት ማሽተቱም፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተቱም ይቅርብን፤ በጎኑ እናስተኛውና ሰው ወደ ክሊኒክ እንላክ። በ2ኛው፣ በ3ኛው ቀን የሌለ ነገር እያየ ከለፈለፈ፣ ቀንና ቦታ ከጠፋበት፣ ካተኮሰው «ጋኔን ነው» ብለን አንሰረው። ይህ የሚገድል ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው። ጸበሉ አይሸሽም፣ ክሊኒኩ ይቅደም፣ ሌሊትም ቢሆን። ሊያቆም ያሰበ ካለ ደግሞ ሳያቆም በፊት ሄዶ በቀን ስንት እንደሚጠጣ ለሐኪሙ ሳያፍር ይንገር።