«ትንፍሽ እንዳትይ!»

ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ቢያጥራት ምን ትባላለች? «ዕድሜ ነው» ትባላለች። ሌሊት ላብ አጥምቋት ከእንቅልፏ ብትባንንስ? «ዕድሜ ነው»። ልቧ ድው ድው ቢል፣ ያለ ምክንያት እንባ እንባ ቢላት፣ ሰው ቢያስጠላት? እሱም ዕድሜ ነው፤ ከፋ ካለ ደግሞ «ምነው ነገረኛ ሆነች!» ይታከልበታል። በዚያው ዕድሜ ያለው ባሏ ደረቱን አንዴ ጫን አድርጎ ቢያሽ ግን ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። መኪና ይፈለጋል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት ይንጫጫል። ባልየው አይታከም አላልኩም፤ ይታከም እንጂ! እኔ የምለው፣ የእሷ ልብ ከመቼ ጀምሮ ነው ልብ የሚሆነው?

እስቲ «ማረጥ» የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉት። ለዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ቃላት ክብደት ስለፈልፍ ስለኖርኩ ይሆናል፣ ይኼ ቃል ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ሐኪሞች የወር አበባ መቋረጥን ለመግለጽ በንጹሕ ልቦና ይጠቀሙበታል፤ ሰፈር ውስጥ ግን «ያረጠች» ከስድብ አይርቅም። የደረቀች፣ ያበቃላት እንደ ማለት ነው። ወንድ ሲያረጅ «ይበስላል»፣ «ይሰክናል»፣ ለሽምግልና ይታጫል። ሴቷ ግን ከወር አበባዋ በኋላ የምትኖረው ሃያም ሆነ ሠላሳ ዓመት ስም እንኳ የለውም። ስም ያልወጣለትን ነገር ደግሞ ማን ይመረምረዋል? ማንስ በጀት ይመድብለታል?

የሚሆነው ነገር ግን ተራ አይደለም። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሥራው ማኅፀን ላይ ብቻ አይደለም፤ የደም ቧንቧ የውስጥ ሽፋንም ወዳጅ ነው። ይህ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ቧንቧው ዘና ብሎ የሚሰፋው በእሱ ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ሽፋኑ ይለግማል፣ ቧንቧው እየደነደነ ይሄዳል፣ ደም ብዛቱም ይከተላል። በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ ሴቶችን የሚገድለው የልብና የደም ቧንቧ በሽታ ነው። ሴት ልብ ድካም ሲይዛት እንደ ወንዱ ደረቷን ሊያማት ይችላል፤ ነገር ግን ከወንዱ ይልቅ ትንፋሽ ማጠርን፣ ማቅለሽለሽን፣ የጀርባና የመንጋጋ ሕመምን፣ እንግዳ የሆነ ድካምን ደርባ የመምጣት ዕድሏ ሰፊ ነው። ይህን ሁሉ «ጨጓራ ነው»፣ «ብርድ ነው»፣ «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ይህን ያደረገው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው እንዳትሉኝ። የሠለጠነው ዓለም ሕክምና ራሱ ልብን ያጠናው በአብዛኛው በወንድ ልብ ላይ ነው። አስፕሪን የልብ ድካምን ይከላከል እንደሆነ የፈተነው ዝነኛው የአሜሪካ ጥናት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጠቃለል፣ የተሳተፉት 22,071 ሐኪሞች ነበሩ። ስንቶቹ ሴቶች ነበሩ? አንድም! በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ የሕክምና ምርምር ሴቶች እንዲካተቱ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሐኪሞቻችን ከተማሩበት መጽሐፍ ስንቱ ገጽ ከዚያ በፊት ከተሠራ ምርምር እንደተቀዳ አስቡት።

አሁን ወደ ትንፋሹ ልምጣ። ለሃምሳ ዓመት ሴት የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ተንቀሳቀሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» ነው። መልካም ምክር ነው፤ ለስኳሩም፣ ለክብደቱም፣ ለአጥንቱም ይበጃል። ነገር ግን ተመራማሪዎች አንድ የሚያናድድ ነገር ደርሰውበታል። ጎልማሳ ወንድ አዘውትሮ ሲራመድና ሲሮጥ የደም ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ይታደሳል። ኤስትሮጅን የማትወስድ፣ የወር አበባዋ የቆመ ሴት ግን ያንኑ እርምጃ ተራምዳ ያንኑ የሽፋን መታደስ ብዙውን ጊዜ አታገኝም። አያችሁ? እኩል ላብ፣ እኩል ያልሆነ ደሞዝ!

በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ዳንኤል ክሬግሄድና ዳግላስ ሲልስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ትኩረቴን የሳበው ለዚህ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነና የላይኛው የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 36 ሰዎች ተመረጡ። ግማሾቹ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ተሰጣቸው። መሣሪያው የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ አፍ ላይ ተደርጎ አየር ሲሳብበት እንቢ ይላል። በቀጭን ቱቦ ወፍራም እርጎ ለመሳብ እንደ መታገል ቁጠሩት። ሲያስወጡ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ከሆድና ከደረት መካከል ያለው ድያፍራምና በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች፣ ብረት እንደሚያነሳ ክንድ ይሠራሉ። በቀን 30 ትንፋሽ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ሳምንት። ቢበዛ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው የሚወስደው። የቀሩት ሰዎች ተመሳሳይ መሣሪያ ተሰጣቸው፤ የእነሱ ግን እምብዛም አይታገልም ነበር።

በትግሉ የሰለጠኑት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ9 ነጥብ ወረደ። ልምምዱን ካቆሙ ከ6 ሳምንት በኋላም የለውጡ ሦስት አራተኛ ያህል አብሯቸው ነበር። የደም ቧንቧዎቻቸው የመስፋት አቅም በ45 በመቶ ገደማ ተሻሻለ። እና የወር አበባቸው የቆመው ሴቶችስ? ኤስትሮጅን ሳይወስዱ፣ ከወንዶቹ እኩል ተጠቀሙ። እግራቸው ያልከፈላቸውን ደሞዝ ድያፍራማቸው ከፈላቸው ማለት ነው።

36 ሰው ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ። በ36 ሰው ላይ ተመሥርቶ የአገር መመሪያ አይወጣም። 9 ነጥብ ማለት ግን ቀልድ አይደለም፤ አንድ የደም ግፊት ኪኒን ከሚያወርደው ጋር የሚወዳደር ነው። መሣሪያውን እዚህ ገበያ ላይ እንደ ልብ ታገኙታላችሁም አልልም። አስም፣ የሳንባ መቀደድ ወይም የጆሮ ታምቡር ችግር ያለበት፣ ደረቱን የሚያመው ሰውም ሐኪም ሳያማክር እንዲህ ያለ ትግል ውስጥ መግባት የለበትም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን የእኛን ጠባይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደም ብዛት ያወርዳል ሲባል ኪኒኑን የጣለው ስንት ነው? ሽፈራው በመጣ ጊዜስ? ነገ ደግሞ አንዱ ብልጥ «በትንፋሽ ብቻ ከመድኃኒት ነፃ ይሁኑ» ብሎ አዳራሽ ይከራያል፣ ወረቀት ይለጥፋል፣ መግቢያ ያስከፍላል። የመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች እነዚያ «ዕድሜ ነው» ተብለው ከየክሊኒኩ የተሸኙት ሴቶች ይሆናሉ። የተገፋ ሰው ያዳመጠውን ሁሉ ያምናልና። ለዚህም ነው «ዕድሜ ነው» የሚለውን ሐኪምና «መድኃኒትሽን ጣዪ» የሚለውን ነጋዴ ለይቼ የማላያቸው። አንዱ ለሌላው ደንበኛ ያቀርባል።

ስለ ስሜቱ ነገር ደግሞ እንነጋገር። አማርኛችን «ትንፍሽ እንዳትይ!» ይላል። ዝም በዪ ማለቱ ነው። እስቲ ይታያችሁ፣ ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሰማው ትእዛዝ ቃል በቃል ሲወሰድ አትተንፍሺ ነው! ለሠላሳ ዓመት ትንፍሽ ሳትል ቤት ያቆመች ሴት፣ እንቅልፏ ተቆራርጦ፣ ሙቀቱ ከእግር እስከ ራሷ እየወረራት፣ አንድ ቀን ከፍ ባለ ድምፅ ብትናገር «ጠባይዋ ተበላሸ» ይባላል። ጠባይዋ አልተበላሸም። ሆርሞኗ ወርዷል፣ አልተኛችም፣ የሰማትም የለም።

ትንፋሽ ለዚህ ምን ይፈይዳል? እዚህ ላይ ማስረጃው ከደም ግፊቱ ይልቅ የሳሳ ነው። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ሆን ብሎ መተንፈስን ተጎልቶ ከማሰላሰል ጋር አወዳድረው ነበር። በጎ ስሜትን ከፍ በማድረግ የበለጠው የትኛው ይመስላችኋል? በአፍንጫ አየር ስቦ፣ ሳያስወጡ በላዩ ላይ ትንሽ ጨምሮ፣ ከዚያ በአፍ ቀስ አድርጎ ረጅም ማስወጣት። ይኼን እኮ እናቶቻችን ሸክም ሲያራግፉ ያደርጉታል፤ «እፎይ!» ነው። ጥናቱ የተሠራው በተለይ የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ አይደለም፤ ከኮሎራዶው ትግልም ጋር አንድ ዓይነት ልምምድ አይደለም። መሣሪያ ግን አይጠይቅም። ቀናት አልፈው ሳምንታት ፀሐይ ያልወጣላት፣ መኖር ያስጠላት ሴት ግን እፎይ ማለት ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋታል፤ በግድም ቢሆን ሊወስዷት ይገባል።

አንድ አንባቢ አሁን ምን እያለ እንደሆነ ይሰማኛል። «የእኛ እናቶች ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ነው የሚውሉት፣ ምን የትንፋሽ ስፖርት ያስፈልጋቸዋል? ይኼ የፈረንጅ ቅብጠት ነው!» ይላል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ውሃ ቀድተው የማያውቁ ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል። እንጨት መሸከም፣ ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ ሲጋግሩ የምድጃ ጭስ መሳብ ልምምድ ሳይሆን ድካም ነው። ጭሱ እንዲያውም ሳንባንም ልብንም ይጎዳል፤ ጡንቻ የሚያጠነክር ጭስ እስካሁን አልተገኘም! ልምምድ ማለት ለራስ ብለው፣ ለክተው፣ አርፈው የሚሠሩት ነው።

ትልቁ ችግርም እዚህ ጋ ነው። እነዚያን 10 ደቂቃዎች ማን ይሰጣታል? በቤታችን ውስጥ እናት ተቀምጣ የምትታይባቸውን ሰዓታት ቁጠሩ። ቡና ስታፈላ ተቀምጣለች እንላለን፤ እየቆላች፣ እየቀዳች፣ እያጠበች ነው። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች፤ ምስር እየለቀመች። ለቅሶ ቤት ተቀምጣለች፤ ሽንኩርት እየላጠች። በር ዘግታ 10 ደቂቃ ብትቀመጥ ሦስት ሰው ያንኳኳል። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» «ቁልፉ የት ነው?» «ሻይ የለም እንዴ?» አንዲት ጓደኛዬ ለሐኪም ያላትን ሕመም ስትናገር ሐኪሙ «እረፍት ያስፈልግዎታል» አላት። ቤት መጥታ ለባሏ ነገረችው። «ታዲያ እራት ካቀረብሽ በኋላ አትተኚም?» ብሏት አረፈው። መልካም ሰው ነው እኮ፣ ክፋት የለበትም። እራት ራሱ የሚቀርብ ነገር እንደሆነ ነው ያደገው።

መንግሥታዊው ጤና አጠባበቅስ ከዚህ ባል በምን ይለያል? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሴት ሠራተኞችን እስከ ገጠር ቀበሌ አድርሷል፤ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት በመቀነስ ረገድ የሠራውን ማንም አይክደውም። ግን ሴቲቱን የሚያውቃት እንደ ነፍሰ ጡር፣ እንደ ወላድ፣ እንደ አጥቢ ነበር። ክትትል አላት፣ ክትባት አላት፣ የቤተሰብ ምጣኔ አላት። 50 ዓመት ሲሞላት ግን በየትኛው ካርድ ትጠራለች? ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የሚሠራው ሥራ ከዚያ በኋላ መጨመሩ ደግ ነው፤ ያቺ የ52 ዓመት ሴት ግን ዛሬም ካልታመመች የምትጠራበት ቀጠሮ የላትም።

የምጠይቀው መሣሪያ ይታደል አይደለም። ብዙዎቹ የልጅ ልጃቸውን ለክትባት አዝለው ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ወረፋ ይጠብቃሉ። የሕፃኑ ክብደት ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ይጻፋል። የግፊት መለኪያው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሕፃኑን ከጀርባዋ የምታወርደውን ሴትዮ «እማማ፣ ክንድዎን ያውሱኝ፤ ትንፋሽስ ያጥርዎታል?» ብሎ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እሱን ብቻ እዩልኝ» ትላለች፤ አውቃታለሁ። ደግማችሁ ጠይቋት።