ሕፃን ታቅፋችሁ ለምትበሩ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከቡልቡላ



ይህን የምጽፈው ቪዛው ተመትቶላችሁ፣ ትኬቱ ተቆርጦ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታቅፋችሁ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሚኒሶታ ለምትጓዙት ነው። ዲቪ የደረሳችሁ አላችሁ፤ ባለቤታችሁ ፕሮሰሱን የጨረሰላችሁም አላችሁ። የሁላችሁም ጭንቀት ግን አንድ ነው፦ «ያን ሁሉ ሰዓት ቢያለቅስብኝስ?»

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ልጁ አውሮፕላን ውስጥ መተኛት አለመተኛቱ በአብዛኛው የሚወሰነው አውሮፕላኑ ሳይነሣ፣ በሽኝቱ ሰሞን ነው።

የሽኝታችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ቤቱን ሰው አይለየውም። ከባቱ አክስት፣ ከሻሸመኔ አጎት ይመጣል፤ ቡናው ይፈላል፣ ይደገማል። ልጁ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። አንዷ ትስመዋለች፣ ሌላዋ «መቼ ላይህ ነው እንግዲህ» ብላ ታለቅስበታለች። የቀን እንቅልፉ መጥቶ ዓይኑን ሲያሽ አዲስ እንግዳ ይገባና ይቀሰቅሰዋል። በበረራው ቀን ደግሞ ከከተማችን ከቡልቡላ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ባቱን፣ መቂንና ሞጆን አልፎ ወደ 190 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ሻንጣ ሲመዘን፣ ከሸኚ ጋር በር ላይ ሲላቀሱ ይመሻል።

«እንዲህ ከደከመማ አውሮፕላን ላይ ለጥ ይላል» የምትሉ አትጠፉም። ከልክ በላይ የደከመ ሕፃን ግን እንደ አዋቂ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ አይወስደውም። ይነጫነጫል፣ ይወራጫል፣ ተኝቶም ቶሎ ይባንናል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የቀኑ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ሽኝቱ ከዚህ ላይ በየቀኑ እየሸረፈ የወሰደውን ልጁ ቦሌ ላይ በለቅሶ ያወራርደዋል።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ልጁን ጓዳ አስገብታችሁ አስተኙት፤ በሩ ላይ አያትየዋ ይቀመጡ። «ልጁ ተኝቷል» የሚለውን ከእሳቸው አፍ የሰማ እንግዳ አይቀየምም። አቅም ከፈቀደም የጉዞውን ዋዜማ አዲስ አበባ እደሩ።

ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው እንደምትፈሩት አይደለም። የሐዋሳ መንገድ ዳር ባለ ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ አይሱዙና ተሳቢ ሲያልፍ እየሰማ ላደገ ልጅ የሞተር ድምፅ ብርቅ አይሆንበትም። ከፍታውም እንዲሁ። እንደ ድሪምላይነር ባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች ካቢን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ቦሌ ያለው ወደ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ ቡልቡላ 1,600 ሜትር አካባቢ። በዚህ ሒሳብ የካቢኑ አየር ከአዲስ አበባ ይልቅ ለእኛ ከተማ ይቀርባል። የሚለየው ቅዝቃዜውና ድርቀቱ ነው። የቡልቡላን ሙቀት የለመደ ልጅ ይበርደዋልና ጋቢ ያዙ፤ የካቢኑ እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ጡት ወይም ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጡት።

እንቅልፍ የሚነሳው መብራቱና ግርግሩ ነው። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ሞልቶ፣ መንገደኛውንና ጭነቱን ይዞ መነሣት ይከብደዋል። በዚህ ምክንያት የእኛ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ሲያርፍ መብራት ይበራል፣ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ልጁም ይነቃል። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ አትደናገጡም፤ ያን ጊዜ ዳይፐር ቀይሩለት፣ አብሉት፣ እግሩን ያፍታታ።

የማታ ሥርዓቱን ግን እንደ ቤቱ አድርጉለት። የመኝታ ሰዓቱ ሲደርስ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፣ የሌሊት ልብሱን አልብሱት፣ ከፊቱ ያለውን ስክሪን አጥፉ። ሳይታጠብ የመጣ፣ የቤቱ ጠረን ያለበት የራሱ ጨርቅ ከአዲስ አሻንጉሊት ይበልጣል። የቀበቶው ምልክት ሲጠፋ በነጠላ አዝላችሁ ቁሙና ወዝወዝ አድርጉት፤ እሹሩሩውን ለጆሮው ብቻ። ጀርባችሁ ላይ የለመደው እንቅልፍ እዚያም ይመጣል። ምልክቱ ሲበራ ግን አውርዳችሁ ተቀመጡ። ለሕፃኑ ተጨማሪ ቀበቶ ከተሰጣችሁ እሱን አስሩለት፤ በእናንተ ቀበቶ ውስጥ አብራችሁ አትሰሩት፣ የሰውነታችሁ ክብደት ይጎዳዋል።

ከፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን የሕፃን አልጋ የሚፈልግ ትኬት ሲቆርጥ ይጠይቅ። ክብደቱ ከ10 ኪሎ ያለፈ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። ሁለት ዓመት የሞላው ደግሞ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ልደቱ እዚያው እያላችሁ የሚደርስ ከሆነ የመመለሻውን ትኬት ከወዲሁ አስቡበት። ለስንቅ ለስላሳ ዳቦ ወይም በሶ ይበቃል። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትልልቆቹ ይሁን፣ ሕፃኑን ያንቀዋል።

ጆሮው የሚያስቸግረው በተለይ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ነው። ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። «ትንሽ ሽሮፕ ስጪውና ይተኛልሻል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ፕሮሜታዚን የተባለው መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በጥብቅ አስጠንቅቋል፤ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። ሌሎቹም የሚያስተኙ የአለርጂና የጉንፋን ሽሮፖች አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቁነጠንጡታል። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለው ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው።

ካለቀሰም ያልቅስ። በእኛ አውሮፕላን ላይ «አምጪው እስቲ» የሚሉ እናት ከሁለት ወንበር ወዲያ አይጠፉም። አትፈሩ፣ ስጧቸው፤ እናንተም ውሃ ጠጡ፣ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። የእናቱን መርበትበት ያየ ልጅ ይብስበታል።

ከደረሳችሁም በኋላ ጥቂት ቀን ታገሡት። ቡልቡላ 12 ሰዓት ሲነጋ ዋሽንግተን ገና ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ሌሊት ቢነቃ መብራት አታብሩ፣ ጠዋት ግን ፀሐይ አሙቁት።

ለሸኚዎችም አንድ ቃል አለኝ። ልጁን የምትወዱት ከሆነ በጉዞው ሰሞን ስጦታችሁ እንቅልፉን አለመንካት ይሁን። መሳሙ ሲመለስ ይደርሳል።

መልካም ጉዞ።

አክባሪያችሁ፣
ከቡልቡላ