የፍሬን ጎሚኒ ከአሮጌ ከመነዳሪ አይቈረጥ



ጀርባዋ ክብ የሆነች አሮጌ ቮልስዋገን ሳድስ በከተማችን ሱቆች መለዋወጫ ጎማ አጣሁ። የበሩን ጎማ አንድ ጎሚስታ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቈርጦ አበጀልኝ፤ እጁ ይባረክ። ነገር ግን የፍሬኑንም ጎሚኒ እንዲሁ ልቍረጥ ቢለኝ እንቢ አልሁ። ከመነዳሪ የተሠራው አየር እንዲይዝ እንጂ በፍሬን ዘይት ተነክሮ ግፊት እንዲችል አይደለም፤ ልኩም ጥቂት ቢዛነፍ ዘይቱ ያፈሳል። የዓባይን በረሃ ቍልቍለት ለሚወርድ ሰው ይህ የነፍስ ነገር ነው።

ይህች ዓይነት መኪና መሠራቷ በ1995 ዓ.ም. ቢያበቃም የፍሬን ጎሚኒዋ ዛሬም በውጭ አገር ይሠራል። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን ያስመጡልን፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችም የትኛው ጎማ በእጅ እንደሚበጅ፥ የትኛውም እንደማይደፈር ለተማሪው ያስተምሩልን።

አንድ መምህር
ከፍኖተ ሰላም