የወንድ ጋቢ በፈትሉ እንጂ በጥለቱ አይገዛ

የበዓል ሰሞን ሽሮ ሜዳ ብቅ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይመለስም። የወንድ ጋቢ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ለባሹ ራሱ አይደለም። ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለአባቷ፣ ሙሽራ ለአማቱ ነው የሚገዛው። ለባሹ ቤቱ ተቀምጧል፤ መራጩ ሌላ ነው። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃልና ከመደርደሪያው ቀድሞ የሚያወርደው ጥለቱ ስንዝር የሚሞላውንና ወርቃማ ክር ጣል ጣል ያለበትን ነው። ገዢዋ «ያምራል» ትላለች፤ ዋጋ ይጠራል፤ ክርክሩ ይጀመራል። ስለ ፈትሉ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። አባት ስጦታውን ተቀብለው ይመርቃሉ፤ የበዓሉ ዕለት ደረብ ያደርጉታል፤ በማግሥቱ ጋቢው ተጣጥፎ ሣጥን ይገባል። ማታ ማታ የሚደርቡት ያንኑ አሮጌውን፣ ጠርዙ ላይ ከቀጭን መስመር በቀር ምንም የሌለበትን ጋቢያቸውን ነው። ስጦታውን ንቀው አይደለም። ጋቢ ለወንድ የክት ልብስ ብቻ አይደለም፤ የሌሊት ብርድ መከላከያም፣ የማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሄጃም፣ የዕድር ስብሰባና የለቅሶ ልብስም ነው። ቀይና ወርቃማ የሚያብለጨልጭበትን ጋቢ ደርቦ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ደግሞ ለማንም ሽማግሌ አይከብድም ማለት አይቻልም። ለበዓል ብቻ የሚሆን ጋቢ ከተገዛ በዓመት ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ አይለበስም፤ ለዚያ ደግሞ የተከፈለው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ለወንድ የሚስማማው ጥለት የቱ ነው ቢባል መልሱ ብዙ አያደክምም። ስፋቱ ከሁለት ጣት ባይበልጥ፣ ቀለሙም አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ይበቃል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከነጩ ጋር ሳይጣላ ይሄዳል። ቀጥ ያለ መስመር ከተጠላለፈ ቅርጽ ይሻላል። ጨርሶ ጥለት የሌለውም ነውር የለበትም። ሙሽራ ከሆነ ጥቂት ይጨመርለት፤ የእሱ ነገር የፎቶግራፍ ጣጣ አለበት።

ገንዘቡ መውጣት ያለበት ጨርቁ ላይ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር መሆኑ የተለመደ ነው፤ ጥንካሬ ስለሚሰጠው ለነቀፌታ የሚያበቃ አይደለም። ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው ማጉ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ቀጠን ይላል፤ አየር ይይዛል፣ ይሞቃል፣ በታጠበ ቁጥርም ይለሰልሳል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ግን የሳሳ ማግ በድርቡ ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል። ስለዚህ ድርቦቹን በጣት ለያይቶ አንዱን ብቻ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ማጉ ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አንድ ወጥ ከሆነ የእጅ ፈትል መሆኑን መጠራጠር ይገባል። ከጠርዙ የተመዘዘች አንዲት ክር ውጭ ወጥታ ክብሪት ቢነካት፣ ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ነዳ ልም አመድ ትሆናለች፤ አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ከሆነች ቀልጣ እንደ ጠጠር ትደርቃለች። ሬዮን የሚባለው ክር ግን እንደ ጥጥ ስለሚነድ በዚህ መንገድ አይያዝም። ክር ማስመዘዝ የማይወድ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ አለ።

ሰፊ ጥለት የሚያመጣው መዘዝ ደግሞ ከእጥበት በኋላ ይታያል። የእጅ ፈትል በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይሰበሰባል፤ የአክሪሊክ ጥለት አይሰበሰብም። ጨርቁ ሲያጥር ጥለቱ ይተርፍና ጠርዙ ይጨማደዳል። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ነጩን ያበላሸዋል። ይህን ለማወቅ እርጥብ ነጭ መሐረብ ጥለቱ ላይ አሸት አሸት ማድረግ ብቻ ነው።

ነጋዴዎች በበኩላቸው «ጥለት የሌለው ጋቢ ዋጋ አያወጣም» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ገዢው የሚያየው ጥለቱን ብቻ ከሆነ ለማጉ ሊከፍል አይችልም። ይሁንና የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ክር በብር ሲተመን ንሯል። ነጋዴው የጋቢውን ዋጋ ከገዢው አቅም ሳያርቅ ጥለቱን ላስፋ ካለ የሚቆነጥረው ከማጉ ነው። የእጅ ማግ ቀርቶ የፋብሪካ ማግ ሲገባ ደግሞ ገበያው የሚዘጋባት ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋና ፈትላ ልቃቂት የምትሸጠው ሴት ናት። ሸማኔው በየትኛውም ክር ቢሆን ከመወርወሪያው አይለይም፤ የጥለት ጥበቡንም የሚያሳይበት የሴቶች ቀሚስ አለለት። ፈታይዋ ግን ሌላ የምትሸጠው የላትም።

ሻጮች በየጋቢው ላይ ድሩ ምን፣ ማጉ ምን፣ ጥለቱ ምን ክር እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ቢያያይዙ የሚያስወጣቸው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በእጅ ፈትል የሚነግዱት ከሁሉ በፊት ቢጀምሩት የሚጠቀሙት እነሱው ናቸው። እስከዚያው ገዢው ይጠይቅ።

ወደ ዋሽንግተን ለሚላክ ጋቢ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አብሮ ቢላክ መልካም ነው። የሙቅ ውኃ ማጠቢያና የማድረቂያ ማሽን የእጅ ፈትልን ያለ ልክ ይሰበስቡታል። ለብ ባለ ውኃ በእጅ ታሽቶ፣ ሳይጠመዘዝ ተዘርግቶ ይሰጣ።